የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስም

ባለፈው ወር እዚህ እስራኤል፣ አፉላ ኢሊት የሚባል ሰፈር፣ ወላጆቼ ቤት ሄጄ ሳለ የእህቴ ልጅ ኮምፒውተሩ እየተንቀራፈፈ እንዳስቸገረው ነገረኝ። ጠረጴዛው ሥር ተንበርክኬ የጎኑን ቆርቆሮ ፈታሁና ከፈትኩት። የሞቀ አቧራ ሽታ ወጣ፤ ትንሽ የጋለ ሽቦ፣ ትንሽ የላስቲክ ሽታም አለበት። ሌላውን ሰው ያስነጥሰዋል። እኔን ያናድደኛል።

«ዶዳ፣ ምን ሆንሽ?» አለኝ ልጁ። አክስቱን የሚጠራት በዕብራይስጥ ነው።

«ምንም አልሆንኩ። ያንን መፍቻ አቀብለኝ።»

ሆኛለሁ እንጂ። በአሥራ ሦስት ዓመቴ የተናደድኩት ንዴት እዚያ ቆርቆሮ ውስጥ ተቀምጦ የጠበቀኝ መሰለኝ። ስሜ ትዕግሥት ነው። ያወጣልኝ አባቴ ነው፤ ምን ተስፋ አድርጎ እንደሆነ አላውቅም።

ያን ዓመት ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ። በሰፈራችን ከትምህርት በኋላ ልጆች የሚሰበሰቡበት፣ የቤት ሥራ የሚያሠሩን አንድ ክበብ ነበር። ኃላፊዋ ኦርና ትባላለች፤ ወላጆቻችን ግን በስሟ አይጠሯትም፣ «ራካዜቷ» ነው የሚሏት፣ አስተባባሪዋ ማለታቸው ነው። ክበቡ ኮምፒውተር ለሌላቸው ቤተሰቦች ያረጁ ኮምፒውተሮችን ለአንድ የትምህርት ዓመት ያውስ ነበር። ለእኛ የደረሰን አንድ መሥሪያ ቤት ተጠቅሞ የጣለው፣ ነጭነቱ ወደ ሻይ ቀለም የዞረ ትልቅ ሣጥን ነው። አባቴ ከክበቡ እስከ ቤታችን ዳገቱን በትከሻው ተሸክሞ አመጣው። እናቴ ጠረጴዛው ላይ ጥልፍ ጨርቅ አንጥፋ ጠበቀችው። ሙሽራ የገባ እንጂ ኮምፒውተር የገባ አይመስልም ነበር።

ሙሽራው ግን አይነሣም። ቁልፉን ተጭኜ ቁርሴን እበላለሁ፣ ፀጉሬን አበጥራለሁ፣ ደብተሬን እሰበስባለሁ፤ ስመለስ ገና «እየተዘጋጀሁ ነው» ይለኛል። አንድ ፊደል ስመታ ፊደሉ የሚወጣው እኔ ሦስተኛውን ከመታሁ በኋላ ነው። ውስጡ ያለው ማራገቢያ ደግሞ ያጓራል። አባቴ ጎጃም ሳለ ገበሬ ነበር፤ ጩኸቱን ሲሰማ ያዝንለታል።

«አሳርፊው እንጂ ልጄ፣ ደክሞታል። በሬ እንኳ ፀሐይ ሲከር ይፈታል» ይለኛል።

እኔም እውነት መስሎኝ አሳርፈው ነበር። አጥፍቼ አንድ ሰዓት ሙሉ እጠብቃለሁ፤ ከዚያ እንደገና ለማስነሣት ሌላ ዕድሜ። ያን ሁሉ ሰዓት ሳስበው ዛሬም ይቆጨኛል።

ያን ዓመት ደግሞ የሚባክን ሰዓት አልነበረኝም። ዘጠነኛ ክፍል ላይ የኮምፒውተር ክፍል መግባት እፈልግ ነበር። በጣም እፈልግ ነበር። ለመግባት ሁለት ነገር ይጠየቃል፦ ራሴ የሠራሁት ፕሮግራም፣ እና የራካዜቷ የድጋፍ ደብዳቤ። ፕሮግራሙን ለአባቴ ብዬ ነበር የጀመርኩት። አባቴ የታተመውን የዕብራይስጥ ፊደል ቀስ እያለ ያነባል፤ በእጅ የተጻፈው ግን ሌላ መልክ ስላለው ግራ ይገባዋል። በእኔ ፕሮግራም የአንዱን ፊደል ቁልፍ ሲነኩ የታተመው ስክሪኑ ላይ ይወጣና በእጅ የሚጻፈው አጠገቡ እየተሣለ ይወጣል። ሐሳቡ እንዲህ ነበር። በዚያ ሣጥን ላይ ግን አንዲት አሌፍ ተሥላ እስክታልቅ አባቴ ወንበሩ ላይ ያንቀላፋ ነበር።

መድኃኒቱን ያወቀው አያ መኮንን ነው። የአባቴ የአጎት ልጅ ነው፤ ኢንዱስትሪ ቀጠናው ውስጥ የተጣሉ ኮምፒውተሮች የሚፈታቱበት መጋዘን ይሠራል። ዕብራይስጡ ከአባቴ አይሻልም፤ የዕቃዎቹን ስምም ማንም አላስተማረውም። ስለዚህ ራሱ ስም አወጣላቸው። ማስታወሻ የሚባለውን ቀጭን ሰሌዳ፣ ጥርሶች ስላሉት፣ «ሚዶ» ይለዋል። ሁሉ ነገር የሚቀመጥበትን ከባዱን ዲስክ «ጡቡ» ይለዋል። እኔ የዓለም ሕዝብ እንደዚያ የሚጠራው መስሎኝ ለኮምፒውተር አስተማሪዬ «ሚዶው አንሶት ነው» ብዬው አውቃለሁ።

አያ መኮንን አንድ ዓርብ መጥቶ ጆሮውን ሣጥኑ ላይ አሳረፈና፣ «ሚዶ አንሶታል። ጡቡም አርጅቷል። ዛሬ ጡብ የሚያደርግ የለም፤ ብስኩት የምታክል፣ የማትዞር የማትጮህ ነገር አለች፣ እሷ ነች የምታስሮጠው» አለ።

«አይከፈትም» አለ አባቴ። «የሰው ዕቃ ነው። ማኅተም አለበት።»

ነበረበት። ከጎኑ መክፈቻው ላይ የክበቡ ስም ያለበት ተለጣፊ ወረቀት ተለጥፏል። ስለዚህ አባቴ ሊያስፈቅድ ክበቡ ድረስ ሄደ፤ እኔም አብሬው ነበርኩ። ኦርና ስልክ እያወራች ነው። አባቴ ኮፍያውን አውልቆ በር ላይ ቆመ፤ መንገዱን ሙሉ ያጠናትን ዕብራይስጥ አንድ በአንድ አወጣት፤ «ጌቬሬት፣ ማሕሼቭ፣ ሌታኬን፣ ቤሴደር?» እመቤት፣ ኮምፒውተሩን ለመጠገን፣ ይሁን? ማለቱ ነው። እሷ ከስልኩ ሳትለይ እጇን አወዛወዘችና «ቤሴደር፣ ቤሴደር» አለች። አባቴ እጅ ነሥቶ ወጣ። ለእሱ ነገሩ አለቀ። አገር ቤት መሬት ሲካፈል የኖረው በአፍ ቃል ነው፤ ሰው ቃሉን ስልኩ ጋር እንደሚዘጋው ከየት ይወቅ።

ማኅተሙን የላጥኩት እኔ ነኝ። ያን ጊዜ ወረቀቱ ሲነሣ ኦርና ቢሮ ውስጥ ቀይ መብራት የሚበራ መስሎኝ፣ ለሦስት ቀን ስልክ በጮኸ ቁጥር ሮጬ የማነሣው እኔ ነበርኩ። ቆርቆሮው ሲከፈት ያ ሽታ ወጣ። ማራገቢያው ላይ አቧራው እንደ በግ ፀጉር ተጠቅልሎበታል። አያ መኮንን በቀለም ብሩሽ ጠርጎ አወጣው።

«እጅሽን ከመስደድሽ በፊት ቆርቆሮውን ሰላም በይው» አለኝ።

እኔ ለአክብሮት መስሎኝ መዳፌን ቆርቆሮው ላይ አሳርፌ በልቤ «ጤና ይስጥልኝ» አልኩ። ሰውነት ላይ ያለው ኤሌክትሪክ ዕቃውን እንዳያቃጥለው መሆኑን ያወቅኩት ኋላ ነው። አሁንም ግን ኮምፒውተር ከመንካቴ በፊት ሰላም እላለሁ፤ ሰዎቹን ነው እንጂ ዕቃውን አልተቀየምኩም።

ሁለት ሚዶ ከመጋዘኑ አመጣልን። አባቴ «አለቃህን አስፈቅደሃል?» ብሎ ሦስት ጊዜ ጠየቀው። አስፈቅዷል። ጥርሶቻቸውን በእርሳስ ላጲስ አሸኋቸው፤ አረንጓዴው ዝገት ለቆ ወርቁ ወጣ። ቀጥ አድርጌ ስጫናቸው ከዳርና ከዳር «ቀጭ» አሉ። ያቺ ብስኩት የምታክለው ዲስክ ግን ከተጣለ ዕቃ መሀል አትገኝም። አባቴ የሚሠራበት የላስቲክ ፋብሪካ ለፋሲካ የዕቃ መግዣ ኩፖን ሰጥቶት ነበር፤ እናቴ ድስት ልትገዛበት ስታስብ ከርማለች። አባቴ ኩፖኑን አየ፣ እናቴን አየ።

«ድስቱ ይቆየኝ» አለች እናቴ። «እሷ ትማር።»

የአሮጌውን ጡብ ሆድ ወደ አዲሱ መገልበጥ የጀመርነው በሚቀጥለው ዓርብ ከቀትር በኋላ ነው። አያ መኮንን ሁለት ሰዓት ይበቃዋል ብሎን ሄደ። አልበቃውም። የማታዋ ፀሐይ የጊቫት ሃሞሬን ኮረብታ ማቅላት ስትጀምር ገና ሰባ ከመቶ ይላል። እናቴ ሻማዎቹን አሰናዳች። እኛ ቤት ሰንበት ሲገባ የሚነካ ነገር የለም፤ አባቴ አይሁድነቱን የተቀበለው እዚህ አገር በራቢዎች ተፈትኖ ነው፣ ከፈተናው በኋላ ደግሞ እሱ ራሱን ሲፈትን ነው የኖረው። ወደ ሶኬቱ ሄዶ ገመዱን ያዘ።

«አባ፣ ከነቀልከው ሁለቱም ይበላሻሉ» አልኩት።

«ሰንበት ነው ልጄ።»

«አንተ አትንካው እንጂ እሱ ይሥራ። ሰንበት ሳይገባ ነው የጀመረው።»

ገመዱን እንደያዘ ብዙ ቆመ። ከዚያ ለቀቀው። «ያልነካነውን ማን ይጠይቀናል» አለ። እናቴ መብራቱን እንዳናይ ስክሪኑን በነጠላዋ አለበሰችው። ቅዳሜን ሙሉ ያ ነጠላ ጠረጴዛው ላይ ቆሞ ዋለ። ከሥሩ ቶሎ ጨርሶ ይሁን፣ ሞቶ ይሁን አላውቅም፤ መግለጥ አይቻልም። እንደዚያ ቀን የረዘመ ሰንበት አላየሁም። ሦስት ኮከብ ወጥቶ ሰንበት ሲያልቅ እናቴ ነጠላዋን አነሣች። መቶ ከመቶ ይላል።

አጥፍተን አዲሷን ዲስክ አስገብተን ቁልፉን ስጫን አባቴ እንደልማዱ ሊቀመጥ ወንበር ሳበ። ወንበሩ ላይ ሳያርፍ ስክሪኑ ተከፈተ።

«በሬው ወይፈን ሆነ!» አለ።

በሦስት ሳምንት ፕሮግራሙን ጨረስኩ። አባቴ ከሥራ ገብቶ እጁን ታጥቦ ይቀመጥና በወፍራም ጣቱ ፊደሎቹን ይነካል። አሌፍ፣ ላሜድ፣ አይን። እየተሣሉ ሲወጡ እሱም ጠረጴዛው ላይ በጣቱ ይከተላቸዋል። ፕሮግራሙን ለትምህርት ቤቱ ከሻቩዖት በዓል በፊት አስገባሁ። አስተማሪው ወደደው። የቀረው የኦርና ደብዳቤ ብቻ ነበር፤ እሷም ኮምፒውተሮቹ ሲመለሱ እጽፋለሁ ብላለች።

ትምህርት ሊዘጋ ሲል የመመለሻው ቀን ደረሰ። እኔ መፍቻዬን ይዤ ቀረብኩ። ሐሳቤ ግልጽ ነበር፤ የራሳቸውን ሚዶና የራሳቸውን ጡብ መልሼ አስገባለሁ፣ የእኛን አውጥቼ አስቀምጣለሁ።

«ምን ልታደርጊ ነው?» አለ አባቴ።

ነገርኩት። ፊቱ ተለወጠ።

«የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስም።»

«አባ፣ ይሄ ሳህን አይደለም!»

«ሳህንም ይሁን ወንፊት፣ ጎረቤት ያዋሰሽን ስትመልሺ የሆነ ነገር ታደርጊበታለሽ። ዓመት ሙሉ ተማርሽበት። እንዳመጣነው እንመልሰው?»

«የእማ ድስት እኮ ነው! የአንተ ፋሲካ ነው!»

«ከእኛ ቀጥሎ የሚወስደው ልጅ አይቸገር» አለና መፍቻውን ከእጄ ወሰደ።

ጮህኩ። ዛሬ የማልደግመውን ቃል ተናገርኩ፤ «ለዚህ ነው እዚህ አገር የሚንቁን» አልኩት። እሱ «ዝም አይነቅዝም» ብሎ ዝም አለ። ይችን ተረት እጠላታለሁ። እኛ ቤት ዝምታ ነቅዟል፣ ሻግቷልም።

ከእነሱ የወጣ ምንም ነገር እንዳይጎድል ደግሞ አሮጌውን ጡብና አሮጌዎቹን ሚዶዎች በንጹሕ ከረጢት አሰረ። እናቴ ከሌሊት ጀምራ የጋገረችውን ዳቦ ቆራርሳ ክዳን ባለው ሰማያዊ ሳህኗ ሞላችና፣ «ለራካዜቷ» ብላ ሰጠችው። ሣጥኑን በትከሻው፣ ከረጢቱንና ሳህኑን በእጁ ይዞ ወጣ። «አብረሽኝ ነይ፣ ታስተረጉሚልኛለሽ» አለኝ። አኩርፌ ነበር። አልሄድም አልኩ።

አልሄድም አልኩ። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው።

ተመልሶ ሲመጣ ደስ ብሎታል። ከረጢቱን ሲያቀብላት «ይሄ የእናንተ ነው» እንዳላት ነገረኝ፤ እሷም ወረቀት ጽፋ ግልባጩን ሰጥታዋለች። እናቴ ጽዳት ወደምትሠራበት ሄዳ ነበር፤ ቤቱ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነን። ወረቀቱን ከደረት ኪሱ አውጥቶ ዘረጋልኝ።

«ምስጋና ይመስለኛል። እስቲ አንብቢልኝ።»

«ራስህ አንብበው። አስተምሬህ የለ?» አልኩት፤ ወረቀቱን ሳላየው።

ተቀመጠ። ጽሕፈቱ የእጅ ነው። ጣቱን ከፊደል ፊደል እያሻገረ፣ ፕሮግራሜ ላይ እንደሚያደርገው፣ እየነካካ ጀመረ። «ላሜድ... አሌፍ... ሎ። አይን... ሎ ኦቬድ።» ቀና አለ። «አይሠራም ማለት አይደል?»

ያን ጊዜ ወረቀቱን ነጠቅኩት። ኮምፒውተሩ ተከፍቷል ይላል። ማኅተሙ ተቀዷል፤ ቤተሰቡ የውስጥ ዕቃዎቹን ነቅሎ በከረጢት አምጥቷል፤ አይሠራም፤ ይጣል። ለዚህ ቤተሰብ ሁለተኛ እንዳይሰጥ።

ሁሉንም አነበብኩለት። ሠርቼ የሰጠሁት ፕሮግራም መጀመሪያ ያስነበበው «አይሠራም» የምትለዋን ነው።

«ሰክታ አየችው?» አልኩት።

«የለም» አለ አባቴ። «ከረጢቱን አየች፣ ጻፈች።»

በሦስተኛው ቀን አያ መኮንን ደወለ። «ትዕግሥት ሆይ፣ ወይፈናችሁ እኔ ዘንድ መጥቷል» አለ። ከተጣሉት ክምር መሀል ነው ያገኘው፣ ማኅተሙ እንደተላጠ። አባቴ ከፋብሪካው ሲወጣ እዚያው ሰፈር ካለው መጋዘን ሄዶ የአያ መኮንንን አለቃ አስፈቅዶ ተቀበለው። ወደ ቤት አላመጣውም። እኔን ደውሎ ጠራኝና ሣጥኑን እንደተሸከመ በቀጥታ ክበቡ ገባን።

በዚህ ጊዜ አስተረጎምኩ። እንዴት እንዳስተረጎምኩ! አባቴ በዝግታ የሚለውን እኔ በጩኸት አደረስኩት። አባቴ ራሱ ጎንበስ ብሎ የኦርናን ኮምፒውተር ገመድ ነቀለና በእኛው ሣጥን ሰካው። ቁልፉን ተጫነ። ኦርና ተናግራ ሳትጨርስ ሣጥኑ ተነሣ። ከራሷ ኮምፒውተር ይፈጥናል፤ እሷም ታውቃለች።

«ዮፊ» አለች፣ ጥሩ ነው። ከዚያ ከንፈሯን መጠጠች። ማንም አላስረዳኝም አለች፤ አባትሽ ከረጢት ብቻ ነው የሰጠኝ፤ ደብዳቤውን በዚያ ምክንያት ነው ያልጻፍኩት፤ የኮምፒውተር ክፍሉ ዝርዝር ደግሞ እሑድ ዕለት ተዘግቷል፤ በሚቀጥለው ዓመት እንሞክራለን።

«አስፈቅዶሽ ነበር። ቤሴደር ብለሽዋል፣ እኔ እዚህ ቆሜ ነበር።»

«አላስታውስም፣ ማሚ» አለችኝ፣ ሕፃን እንደሚያባብሉት።

ማሚ። ይቅርታ የሚባል ቃል በአፏ አልዞረም። ኮምፒውተሩ ከመዝገብ ስለወጣ ብንፈልግ እንድንወስደው ነገረችን። ልንወጣ ስንል «አንድ ደቂቃ» ብላ ከመደርደሪያው ላይ የእናቴን ሰማያዊ ሳህን አነሣች፤ «ረስታችሁታል።» አባቴ ተቀብሎ ክዳኑን ገለጥ አድርጎ አየ። ታጥቦ ያብረቀርቃል። ባዶውን ነው።

ሣጥኑን ተሸክሞ ዳገቱን ፊት ፊቴ ወጣ። እኔ ልናገር ብል እሳት ነው የሚወጣኝ። አውቶቡስ ማቆሚያው ዘንድ ካለችው ሱቅ ሲደርስ ሣጥኑን አውርዶ እኔን አስያዘኝና ገባ። ሲወጣ ሳህኑ ተምርና ከረሜላ ሞልቷል። ክዳኑን ገጠመው።

እናቴ በሩን ከፍታ መጀመሪያ ያየችው ሳህኑን ነው።

«ዳቦውን ወደዱት?»

«በጣም» አለ አባቴ። «ይሄን አድርሱልኝ ብላለች። ኮምፒውተሩንም ለልጅቷ ይሁን ብላ ሰጠችን። ክፍሉ ግን ሞልቷል አሉ፤ ለሚመጣው ዓመት።»

አባቴ ሲዋሽ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። አይኑን ከእኔ አሸሸ። እናቴ ተምሩን ለጎረቤት ሳይቀር አከፋፈለች፤ ለእኔ አንድ ከረሜላ በእጇ አጎረሰችኝ። ዋጥኩት። በሚቀጥለው መስከረም የጽሕፈት ሥራ የሚማሩት ክፍል ገባሁ።

የእህቴን ልጅ ኮምፒውተር ጠርጌ ሚዶውን ቀይሬ ልዘጋው ስል እናቴ ከበስተኋላዬ መጥታ ቆመች። ቆርቆሮውን አየችና ፈገግ አለች።

«ያቺ ደግ ሴትዮ ትዝ አለችኝ» አለች። «ራካዜቷ። የት ትሆን?»

አባቴ ከሶፋው ላይ ቀና ብሎ አየኝ። ብሎኑን እስኪጮህ ድረስ አጠበቅኩት።

«ደህና ትሆናለች፣ እማ» አልኩ።